ጥማድ

ግሪምዝቢ ወደብ፣ ሀምበር በሚያልቅበት፣
ጭቃና ጨው ውሃ በሚሟገቱበት፣
ዶርቃ ብለው ጠሯት።
ባለቤቷ ስሙን ከመጽሐፍ ሲያገኘው
ለመበለት ሁሉ ልብስ የሰፋችው
ደግ ሴት ናት ብሎ ነው፤
መበለት የሚለውን ያን ቀን ማን ሰማው።

ሰባት ዓመት ሙሉ አይስላንድ ደርሳ፣
ሆዷን በበረዶ፣ በኮድ ዓሣ ሞልታ ተመልሳ፣
ከኋላዋ የምትጎትተው የኬዛያን መረብ፣
ጓዳ ተቀምጣ፣ ከኩራዙ አጠገብ፣
በእንጨት መርፌዋ ቋጠሮ ስትደረድር
ያነጋችው ነበር።

ጃቤዝ፣ የኬዛያ ባል፣ የዶርቃ አዛዥ፣
ካርታ አይገልጥም።
ሞራ የቀባውን የእርሳስ ክብደት በገመድ ይሰድና፣
የተጣበቀውን አሸዋ በምላሱ ይቀምስና፣
«ዶገር ነን» ይላል፤ «ትንሽ ወደ ምሥራቅ።»
ሲሳሳት አልታየም፣ ከልጅነት ጥርሱ እስኪወልቅ።

ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ በነሐሴ፣ ከባሕር ኃይል
መጣ ባለ ወርቅ ቁልፍ፣ ወረቀት በአንድ እጁ፣ በአንዱ የቀለም በርሚል።
ስሟን ደፈነና ቁጥር ጻፈባት፤
ግራጫ አለበሳት፤ አፍንጫዋ ላይ መድፍ ተከለባት።
የዓሣውን ጓዳ በሶዳ አጠቡት፣ ኖራ ቀቡት፣
መርከበኞች እንዲያድሩበት፤
ሽታው እምቢ አለ።
ለጃቤዝም ኮት ሰጡት። ሰላምታ ሲሰጥ ግን
ዝናብ ከግንባሩ የሚጠርግ ነው የሚመስለው።

በኛ ቋንቋ አንድ ግስ አለ፣ ለሦስት ጌታ ያደረ፦
ዓሣ ይጠመዳል፤
በሬ ይጠመዳል፤
ፈንጂም ይጠመዳል።
ጃቤዝ አማርኛ የሚባል ሰምቶም አያውቅ ነበረ፣
ግን አንድ ክረምት ሳይሞላ ግሱን እስከ ጥግ ኖረ።

ዶርቃን ከማርታ ጋር ጠመዷት፤
በመካከላቸው የብረት ገመድ ወደ ጥልቁ ወርዶ፣
ሁለት ግራጫ በሬ፣ ትከሻ ለትከሻ ተፋርዶ፣
ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ባሕሩን ያርሳሉ፣
ሌላ የዘራውን ከሥሩ ይነቅላሉ።
ግን እነዚህ በሬዎች ቀንድ የላቸውም፤
ቀንዱ ያለው ከታች ነው፣
ማሰሪያው ሲቆረጥ ብቅ በሚለው ክብ ብረት ላይ።
በጠመንጃ ሲመቱት ባሕሩ ተነሥቶ ይቆማል፤
ቀጥሎ ዓሣ፣ ሆዱን ለሰማይ ሰጥቶ፣ ያለ መረብ ይንሳፈፋል፤
ወጥ ቤቱ ፐርሲ ባልዲውን ይዞ ይሮጣል።

የካቲት። ማክሰኞ። ሻይ ሳይፈላ።
ማርታ ብድግ አለች፣ እንደ ሰው፣ ከተቀመጠችበት፤
ድምፁ በኋላ ነው የመጣው።
ገመዱ ላላ።
ዘጠኝ ሰው።

ጃቤዝ እስኪመሽ ዞረ። ገመዱን ሲስበው
ጫፉ ተተርትሮ፣ የሽማግሌ ጢም መስሎ ነው ያገኘው።
ያን ሳምንት ኬዛያ መረብ አልሠራችም፤
ጥቁር ጨርቅ ገዛች። አምስት ቀሚስ።
ለማን ነው ብሎ የጠየቃትም የለም።

ከዚያ ከሌላ ጋር ጠመዷት፤ ከዚያም ከሌላ።
የአዲሷን ስም ጃቤዝ አልጠየቀም።

ሰላም ሆነ አሉ። ቁጥሩን ፋቁና ስሟን መለሱላት፤
መድፉ የተነቀለበት አራት ቀዳዳ ቀረባት፣
ዝናብ የሚያቁርበት።
እንደ ሞክሼዋ ከሞት አልጋ ተነሥታ፣
በአዲስ መረብ፣ በአሮጌው ሽታ፣
ዶገር ደረሰች። የመጀመሪያው መረብ ከበደ፤
ፐርሲ ሳቀ፣ «ሀብታም ሆንን» አለ፣
ወዲያው ሳቁ ሄደ።
በብርማው ዓሣ መሀል፣
አረንጓዴ ሽበት ያበቀለ
ቀንድ።

ማንም አልተነፈሰም። ጃቤዝ መጥረቢያውን አነሣ፤
ገመዱን፣ መረቡን፣ የአንድ ክረምት ሌሊቷን ሁሉ
ለባሕር ለቀቀው።
ሲላላ መዳፉ ላይ ተሰማው፤ ያንኑ መላላት።

ወደቡ ላይ ኬዛያ ባዶውን መስቀያ አየች።
ስለ ሌሊቶቿ አላነሣችም፤
«ስንት ቅርጫት ይሆን ነበር?» አለች።
ጃቤዝ ኮፍያውን አወለቀ፣ ዝናቡን አራገፈ፣
መልሶ አጠለቀው።
«ዘጠኝ» አለ።